በካርድ ላይ የተሰረዘው ጥርስ

የሌለ ጥርስ ሊታመም ይችላል ወይ? አትሳቅ፤ መልስ። እኔ ስድስት ወር ሙሉ ይህንኑ ስጠየቅ ከርሜአለሁና አንተም እስቲ ቅመሰው።

ጥርሱ የጎረቤቴ የተክላይ ነው። ተክላይ በአንድ መሥሪያ ቤት የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ትራምፔት ይነፋል። በ1970 ዓ.ም. ቡድኑ ለሰልፍ ልምምድ በካሚዮን ተጭኖ ሲሄድ ሾፌሩ በድንገት ፍሬን ያዘ። ትራምፔቱ ከተክላይ አፍ ላይ ነበርና የላይኛው የፊት ጥርሱ ተሰበረ። ከቴዎድሮስ አደባባይ ዝቅ ብሎ ባለ ክሊኒክ ሥሩ ተነቀለለት። ከዚያ ወዲህ ትንፋሹ በክፍተቱ እያመለጠበት፣ እየታገለ ነፋ።

በ1973 ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተላከ። እዚያ ሐኪሞቹ ቲታኒየም የሚባል ብረት እንደ ብሎን አድርገው አጥንቱ ውስጥ ተከሉለት። ወራት ጠብቀው፣ አጥንቱ ብረቱን መያዙን አረጋግጠው፣ በላዩ ጥርስ ገጠሙለት። በ1975 መስከረም ፒያሳ ተመልሶ ሲስቅ የትኛው ጥርስ የእናቱ፣ የትኛው የጀርመን እንደሆነ የለየ ሰው አልነበረም። የአራዳ ልጅ ግን መች ይለቃል! «ተክልዬ፣ ሲያምህ ሐኪም ቤት ነው ወይስ ጋራዥ የምትሄደው? ካቻቪቴ እናውስህ?» ይሉታል። እሱም አብሮ ይስቃል። ትራምፔቱ እንደ ድሮው ይጮህለት ነበርና ምን ቸገረው?

ጀርመኖቹ ትንሽ ሰማያዊ ደብተር ሰጥተውታል። በየስድስት ወሩ ሐኪም ጥርሱን አይቶ የሚፈርምባቸው ሣጥኖች አሉት። ሁለቱ እዚያው ተፈርመዋል። የቀሩት እስከ ዛሬ ባዶ ናቸው።

ተክላይ ሰነፍ ስለሆነ እንዳይመስልህ። ደብተሩን ይዞ አራት ጊዜ ጥርሱን ወደ ነቀለለት ክሊኒክ ሄደ፤ አራት ጊዜ ከካርድ ክፍል መስኮት ተመለሰ። አምስተኛው ላይ ታከተውና ተወው። በ1978 መስከረም አንድ እሑድ ጠዋት በሬን አንኳኳ።

«እምሩ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ስነፋ ጥርሱ ይንቀሳቀሳል» አለኝ። ደም የነካ መሐረብ በእጁ ይዟል። «ይህ ከወደቀ እኔም ወደቅሁ። መንፋት ያልቻለ ሰው ቡድኑ ውስጥ ምን ይሠራል?»

በማግስቱ አብሬው ሄድሁ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ወይዘሮ ሙሉነሽ ናት።

«የትኛው ጥርስ ነው?» አለች።

«ይሄ፣ የፊቱ።»

ካርዱን አውጥታ አየችው። «ይሄማ ተነቅሏል። በ1970። ይኸው ኤክስ ተደርጎበታል።»

«አዎ፤ ከዚያ በኋላ ተተክሏል።»

«እዚህ ነው የተተከለው?»

«ጀርመን።»

«እንግዲያው ጀርመን ካርድ አውጣ!»

ተክላይ ከንፈሩን ገልብጦ አሳያት። አጎንብሳ አየች። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፤ ደንግጣ ከንፈሯን መጠጠች። «አየሁት፣ ወንድሜ። እኔ ባየው ምን ዋጋ አለው? ኤክስ በተደረገበት ጥርስ ላይ ሕክምና ብጽፍ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ይህ አፉ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ጥላው ነው?» አልኋት።

«እኔን አይቆጡኝ፣ ጋሼ። ጓድ ተክለሃይማኖትን ያነጋግሩ።»

ጓድ ተክለሃይማኖት የክሊኒኩ ኃላፊ ናቸው። በትሕትና አስቀመጡን። ካርድ የሕዝብ ሰነድ ስለሆነ ማንም ተነሥቶ እንደማያርመው፣ ይህን የሚወስነው በየሁለት ወሩ የሚሰበሰብ ኮሚቴ እንደሆነ አስረዱን። ጠበቅን። ኮሚቴው በኅዳር ተሰበሰበና «ጓዱ የተጠቀሰው ጥርስ ያለው ስለመሆኑ ከሚኖርበት ቀበሌ ደብዳቤ ያምጣ» ሲል ወሰነ።

ቀበሌ ሄድን። ሊቀ መንበሩ ተክላይን ወደ መስኮቱ አቅርቦ አፉን አስከፈተው። በእስክሪብቶው ጫፍ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ነካካ። «አለ» አለና ጻፈ፣ ማኅተም መታ። ደብዳቤውን ይዘን ስንመለስ ኮሚቴው እስከ ጥር አይሰበሰብም ተባለ። በጥር ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም። በመጋቢት ውሳኔው መጣ፤ ቀበሌ ስለ ጥርስ ሙያዊ ምስክርነት መስጠት አይችልም።

የጓድ ተክለሃይማኖትን ጠረጴዛ መታሁት። «ደብዳቤውን ያስመጡን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ አይደለሁም። ኮሚቴው ነው።»

«የኮሚቴው ሰብሳቢ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ፤ ፊታቸው ላይ አንዳች አልታየም።

እየተሳደብሁ ስወጣ ዶክተር አብርሃ የሚባል የክሊኒኩ ወጣት ሐኪም ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዘኝ። ሁሉንም ሰምቷል። በምሳ ሰዓት፣ ያለ ካርድ፣ ተክላይን ወንበር ላይ አስቀምጦ አየው። ድዱን ጫን ሲያደርገው መግል ወጣ።

«ስኳር አለብህ?»

«የለብኝም።»

«ሲጋራስ?»

«በቀን አንድ ፓኮ።»

«በምንድን ነው የምታጸዳው?»

«በመፋቂያ። የፊቱን ጥሩ አድርጌ ነው የምፍቀው፤ ሰው የሚያየው እሱን አይደል? በጾም ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፌ ውስጥ ምንም አላስገባም። ውኃም ቢሆን።» ተክላይ የሐኪሙን ፊት አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብረት ነው ብዬ ነዋ፣ ዶክተር! ብረት ምን ይሆናል?»

«ብረቱማ ምንም አይሆንም» አለ አብርሃ። «የሚያልቀው ብረቱን የያዘው አጥንት ነው። ሥሩ ዙሪያ ቆሻሻ ሲሰነብት ድዱ ይቆጣል፤ ቁጣው ወደ አጥንቱ ይወርዳል። ሲጋራው የድዱን ደም ያሳንስበታል። መፋቂያው ድዱን ልጦታል። ትራምፔቱ ደግሞ በየቀኑ ይገፋዋል፤ የንክሻው ልክ በየጊዜው መታየት ነበረበት።»

እኔ ተክላይ ላይ ጮኽሁ። እንዴት አንድ የተማረ ሰው፣ ጀርመን ደርሶ የመጣ ሰው... ዶክተሩ አቋረጠኝ።

«ይቆጡት፤ ግን ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት አይቶ የሚነግረው ሰው ቢኖር አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ያኔ ድዱ ይጸዳል፣ እሱም ይመከራል፣ ጥርሱ ብዙ ዓመት ያገለግለዋል። አሁን ግማሽ አጥንቱ ሄዷል። አጸዳዋለሁ፤ ግን ተስፋ አልሰጣችሁም።»

ሌላው ቢቀር ጾሙን ላጣራ ብዬ የተክላይን የነፍስ አባት ሥላሴ ሄጄ ጠየቅኋቸው። «አፍን ታጥቦ ቢተፋው ምን አለበት?» አሉኝ። «ታዲያ አንድ ቀን ለምን አልነገሩትም?» ስል፣ «ልጄ፣ መቼ ጠየቀኝና!» አሉ።

ተክላይ ሲጋራውን በዚያው ቀን ጣለ። ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ጀመረ፤ ብሩሹን ያገኘሁለት አምስት ኪሎ ድረስ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ነው። ለሁለት ወር በየምሽቱ ድምፁን እየቀነሰ ሲለማመድ በግድግዳው በኩል እሰማው ነበር። በግንቦት፣ በልምምድ መካከል፣ አንድ ረጅም ድምፅ ይዞ ሳለ ጥርሱ ከነብረቱ ወለቀ። አብርሃ አየውና ሌላ ለመትከል የሚበቃ አጥንት አልቀረም አለ። በሰኔ ተክላይን ከቡድኑ አውጥተው የደንብ ልብስ ግምጃ ቤት መደቡት። የሌላ ሰው ኮት ቁልፍ እየቆጠረ ይውላል።

«ተወው፣ እምሩ» ይለኛል። «አጥፍቻለሁ እኮ፤ ሲጋራውን ማን አጨሰው?» ጥፋቱን ለሚስቱ፣ ለእኔ፣ ለባልደረቦቹ ሳይደብቅ ተናግሯል። ከተጠያቂዎቹ ሁሉ የድርሻውን በአደባባይ ያመነ እሱ ብቻ ነው።

እኔ አልተወውም። ጓድ ተክለሃይማኖት፣ ሰው ልከው «እምሩን ዝም አሰኙት» ማለትዎን ሰምቻለሁ፤ እሱ መልስ አይደለም። «ኮሚቴው ነው» ማለትም አይበቃም፤ ሰብሳቢው ማን እንደሆነ ነግረውኛል። በመጪው እሑድ የቀበሌው ነዋሪ በሚሰበሰብበት አዳራሽ ይምጡ። ተክላይም ይኖራል፣ ዶክተር አብርሃም ይኖራል። ከተቀመጡበት ይነሡና፣ በስምዎ፣ ሕዝብ እየሰማ ይንገሩን፤ ደብተሩን ይዞ አራት ጊዜ መስኮትዎ ላይ የቆመን ሰው አንድ ሐኪም ለአምስት ደቂቃ እንዳያየው የከለከለው ማን ነው? ይመልሱ!