በርሜል መራጯ

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ የሰማያዊውን በርሜል ክዳን ፈታች። አፍንጫዋን ወደ ቀዳዳው አስጠግታ አንዴ ሳብ አደረገችና ፊቷን አጨማድዳ ቀና አለች።

"ምን ሆነ እማማ?" አለ በርሜል ሻጩ። "ቀለሙን አይዩትም? ሙሽራ እኮ ነው።"

"ላዩ ሙሽራ፣ ውስጡ መርዝ። ኬሚካል ነበረበት። እኔ ሥጋ ላጨስበት ነው የምፈልገው።"

ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስትሠራ ኖራለች፤ ልጆቹ "እማማ ጭልፋ" ነበር የሚሏት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አንድ ልጇ ሌላ ከተማ ነው፤ እሑድ እሑድ ይደውላል። ጡረታ ከወጣች ወዲህ፣ ይኸው ሰባት ወሯ፣ ለአንድ ሰው ማብሰል አልሆንልሽ ብሏታል። ትንሽ ሠራሁ ስትል ይተርፋል፣ የተረፈው ይበላሻል። በጭስ የደረሰ ሥጋ ቶሎ እንደማይበላሽ ስለምታውቅ ነው በርሜል ፍለጋ የወጣችው።

አምስቱን አሽትታ ስድስተኛው ላይ ቆመች። ዛግ ያለ፣ መልከ ጥፉ ነው። ጣቷን ሰድዳ ብታወጣው የምግብ ዘይት ነው። በጡጫዋ ነረተችው፤ ብረቱ ወፍራም ነበር።

"ይሄን። እጠበውና አናቱን ቁረጥልኝ። ከታች ደግሞ አራት የአየር ቀዳዳ።"

"ለስንት ሰው ነው የሚያበስሉት?" አለ ሻጩ መሮውን እያነሳ።

"ለአራት መቶ።" ከአፏ አመለጣት።

ሻጩ ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ። እሷም አብራው ሳቀች። በርሜሉን በጋሪ አስጭና ከኋላ ከኋላ ስትከተል ግን ሆድ ባሳት።

ቤት ስትደርስ በርሜሉን ጓሮ አቁማ ማገዶ ሞላችበትና ለኮሰችው። የውጭው ቀለም እየተላጠ፣ ውስጡ የቀረው ዘይት እየነደደ ጥቁር ጭስ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የግቢው በር ተንኳኳ። ነርሷ ጎረቤቷ ናት፤ ሌሊት ሠርታ ቀን ነው የምትተኛው። ከ"ደህና ዋሉ" ያለፈ ተነጋግረው አያውቁም።

"እማማ፣ ጭሱ በመስኮት እየገባብኝ ነው። ገና አሁን ጋደም ማለቴ ነበር።"

"ውይ፣ ይቅር በይኝ ልጄ። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። ነይ እስቲ ግቢ፣ ሻይ ላፍላልሽ።"

"ሌላ ጊዜ። ዛሬም ተረኛ ነኝ።"

ነርሷ ሄደች። እማማ ጭልፋ እሳቱ ላይ አፈር መለሰችበት። ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃ አመዱን ጠረገች፣ የቀረውን ቀለም በሽቦ ብሩሽ ፈገፈገች፣ እንዳይዝግም ዘይት በነካ ጨርቅ ውስጡን አሸችው። ስትጨርስ ወገቧ እምቢ ብሎ ነበር።

አሁን የቀረው ቦታ ነው። ከነርሷ መስኮት ሥር አይሆንም። ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለውን ጥግ በእርምጃ ለካችው፤ ልክ ነው። ነፋስ አይነካው፣ ጭሱም ማንም ጋ አይደርስ። እዚያው ቆማ ትንሽ አዳመጠች። የመንገዱ ድምፅ እንኳ አይሰማም።

ጥጉን ትታ በርሜሉን አጋደመችና እያንከባለለች የግቢውን በር በእግሯ ገፍታ ወጣች። ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ በሚያልፍበት በኩል፣ ከአጥሯ ሥር አቆመችው። ማንም ቢጠይቃት "ጭሱ ጎረቤት እንዳይረብሽ ብዬ ነው" ልትል መልሷን አዘጋጅታለች። የጠየቃት የለም። በርጩማ አውጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።