ያልደረቀ ልስን

«ለመሆኑ ባለቤቱ ማነው እዚህ ቤት?» አሉ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ወንበር አጥተው ገመዱ ያልተፈታ የፍራሽ ጥቅል ላይ እየተቀመጡ። «ማንን ነው ‹ያጽናህ› የምንለው?»

 ከቀብር የተመለሰው ሁሉ በር ላይ የቆመውን ለሳኝ እንደ መቃን አልፎት ይገባና ጥግ ላይ የተቀመጠውን የሟቿን የወንድም ልጅ ይጨብጣል። ሰዉ በለሳኙ ካርቶን ላይ ተቀምጦ፣ በለሳኙ ብርጭቆ ውሃ እየጠጣ፣ ለሳኙን አያየውም። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ግድግዳ ሲለስን ኖሮ፣ በመጨረሻ የራሴ ባለው ቤት ውስጥ የሩቅ ለቅሶ ደራሽ ሆኖ አረፈው።

«የራሴ» ማለቱም የችኮላ ነበር። ውሉ ተፈርሟል፣ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ጓዙ ገብቷል። የቀረው ሻጭና ገዢ አብረው ቢሮ ቀርበው ቤቱን በስሙ ማዛወር ነበር። ሻጯ እትዬ መምህር ግን ለዚያ ቀን አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ሞቱ። አሁን ወራሹ ያ ጥግ ላይ የተቀመጠው፣ ከሌላ ከተማ የመጣው ፋርማሲስት ነው። «የአክስቴ ቃል ቃሌ ነው» ብሎ ከፈረመ ነገሩ ያልቃል። «ውሉ ይፍረስ» ካለ ደግሞ ክርክሩ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ፈጣሪ ይወቅ፤ ለሳኙ የሚመለስበት የኪራይ ቤት እንኳ የለውም፤ ገና ሳይወጣ ሌላ ተከራይ ጓዙን በር ላይ ደርድሮ ነበር።

ደላላው ጎኑ መጥቶ ቆመ። የቤት ሽያጭ ላይም ለቅሶ ላይም አንድ ኮት ነው የሚለብሰው።

«ዝም በል» አለው በሹክሹክታ። «ለቅሶ ቤት አፉን ከፍቶ ቤት ያገኘ ገዢ አላየሁም። ውሃ አቅርብ፣ አንገትህን ድፋ፤ ሰልስቱ አልፎ ሲሄድ ፈርሞልህ ይሄዳል።»

«ምን አድርጌ ነው አንገቴን የምደፋው?»

«እኔ ምን አውቄ። ሰዉ ግን ‹መምህሯ ወደ ጓሮ ክፍል ከወረዱ ስምንት ቀን ሳይሞላቸው ሞቱ› እያለ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አንተ አትሰማውም።»

ለሳኙ ሰምቶታል። መስማት አይቸግረውም። የሚቸግረው መርሳት ነው።

*

ቤት ፍለጋው ሁለት ዓመት ፈጅቷል። የመጀመሪያው ቤት ሁለት ወንድማማቾች የሚካሰሱበት ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛውን ሊዋዋሉ ሲሄዱ ሌላ ቤተሰብ መጋረጃ ሲሰቅል ደረሱ። ሦስተኛውን ራሱ ተወው፤ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ቢያንኳኳው እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ።

«አንተ የምትፈልገው ቤት ነው ወይስ የምታገባው ግድግዳ?» አለችው ሚስቱ። ዘጠኝ ጊዜ ኪራይ ቤት የቀየረች ሴት ናት፤ ዘጠኙም ላይ «ምስማር እንዳትመቱ» ተብላለች። የሠርጋቸው ፎቶ ከተነሳ ጀምሮ ግድግዳ አላየም፤ ሳጥን ውስጥ ነው ያረጀው።

አራተኛው የእትዬ መምህር ቤት ነበር። ደላላው በሩን አንኳኩቶ አሮጊቷ ብቅ ሲሉ ለሳኙ አወቃቸው። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል፣ ወገባቸው ጎብጧል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው። እሳቸው ፊቱን አየት አድርገው «ግቡ» አሉ።

አላወቁኝም አለ በልቡ። እንዴት ያውቁኛል። የደሃ ልጅ ፊት ማን ያስታውሳል።

ያኔ ተማሪያቸው ሳለ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ለትምህርት ቤቱ የመጣው አዲስ ካርታ፣ ገና ቀለሙ የሚሸት፣ አንድ ቀን ከላይ እስከ ታች በምላጭ ተሰንጥቆ ተገኘ። ለሳኙ ምላጭ ነበረው፤ መቅረጫ የሚገዛለት ስላልነበረ እርሳሱን የሚቀርጽበት። «አንተ ነህ?» አሉት መምህሯ። «እኔ አይደለሁም» አለ። «ምላጩስ?» ክፍሉ ሳቀ። ወላጅ አምጣ ተባለ። አባቱ በቀን ሥራ ላይ ናቸው፤ ያን ቀን ከቀሩ በማግስቱ ቦታቸው የሌላ ሰው ነው። ወላጅ አልመጣም፤ ልጁም አልተመለሰም። ለግንበኞች ውሃ መቅዳት ጀመረ፤ ከዚያ ሲሚንቶ ማቡካት፤ ከዚያ ልስን። ከዚያ ወዲህ ያነበበው ነገር ቢኖር የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ያለውን ነው።

እና አሁን እትዬ መምህር ቤታቸውን ሊሸጡለት ነው። ለሚስቱ «ግድግዳው ጥሩ ነው» አላት። እውነቱን አልነገራትም። እውነቱ፣ ያስወጡትን ልጅ እነሆ በገዛ ሳሎናቸው ባለቤት ሆኖ ሊያዩት ነው። ሆዱ ውስጥ ሠላሳ ሦስት ዓመት ያረጀ ነገር በዚያ ቀን እንደ ወጣት ተነሣ።

እትዬ መምህር አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «የጓሮው ዕቃ ቤት አለ። አስተካክለህ ስጠኝ፤ እስክሞት እዚያ ልኑር። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ሰፈር አልለምድም።»

*

በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ፋርማሲስቱ ሳሎኑን ዞር ዞር እያለ ያይ ጀመር። ቀጭን ሰው ነው፣ ለስላሳ አነጋገር፣ ቸኩሎ የማያውቅ። ሰዉ «ነፍስ ይማር» እያለ ሲገባ «አሜን» ይላል፤ ከዚያ ዓይኑ ወደ ጓሮ በር ይሄዳል።

«አክስቴ የነበረችበት ክፍል የትኛው ነው?»

«ከኋላ ነው» አለ ለሳኙ። «ዕቃቸው እንዳይነካካ ዘግቼዋለሁ።»

«ጥሩ አድርገሃል። ከሁለት ወር በፊት መጥቼ ደረቷን አዳምጬው ነበር። ንጹሕ ነበር።» ይህን ሲል አላፈጠጠበትም። ቢያፈጥጥበት ይሻል ነበር።

«ዕድሜ ነው ልጄ» አሉ ዳቦ ጋጋሪዋ ጣልቃ ገብተው። «ዕድሜ ሲገፋ ነፋስም ያስላል።» ደግ ሴት ናቸው፤ ክፋታቸው በጊዜ ማቆም አለመቻላቸው ነው። ቀጥለው «ጓሮው ደግሞ እርጥበት አለው» አሉ።

ደላላው የለሳኙን ክንድ በክርኑ ነካ አደረገ።

ለሳኙ ሰበብ ፈልጎ ወደ ጓሮ ሄደ። በሩን ከፍቶ ገባና ከውስጥ ዘጋው። አልጋቸው ተነጥፏል፤ መነጽራቸው የታጠፈ ጋዜጣ ላይ ነው። ግድግዳው ግን ሠራተኛውን እያጋለጠ ነበር። ኖራው ተነፋፍቶ፣ ከሥር ግራጫው ልስን እንደ ቁስል ወጥቷል፤ ከአልጋው ራስጌ በኩል ያለው ጥግ ላብ ይመስል ያብለጨልጫል።

የሲሚንቶ ልስን ለመድረቅ በትንሹ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ይህን ለሳኙ ከአባታችን ሆይ በፊት የሚያውቀው ነገር ነው። ሌላ ባለቤት ቢያስቸኩለው መሣሪያውን ሰብስቦ ይሄዳል፤ «ባልደረቀ ቤት ሰው አላስገባም» ብሎ ሁለት ሥራ ጥሎ ያውቃል። የገዛ ቤቱ ጊዜ ግን አርብ ጨርሶ እሑድ ጓዙን ጭኖ መጣ። የኪራይ ቤቱ አከራይ «ዛሬ ካልወጣችሁ» ብላለች፤ ያ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላውን ምክንያት ለማንም አልተናገረም፤ እትዬ መምህር ሳሎን ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አብረውት እንዲያድሩ አልፈለገም። ዕርጥበቱ እንዳይታይ ቅዳሜ በላዩ ላይ ኖራ ቀባበት።

«ደርቋል?» አሉ እሳቸው እሑድ ጠዋት፣ በሩ ላይ ቆመው።

«ደርቋል እትዬ።»

እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ረዘም ላለ ጊዜ እዚያው ተዉት። ከዚያ ፊቱን አዩት፤ ያን ጊዜ ምላጩን ሲያዩ እንዳዩት ዓይነት መሰለው። እሳቸው ግን «እንግዲህ አልጋዬን አስገቡልኝ» አሉ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ለሳኙ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በሕይወቱ የመጀመሪያውን የራሱን ምስማር መታ። ማንንም ሳያስፈቅድ። ሚስቱ የሠርጉን ፎቶ ይዛ ቆማ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች። «አንድ ድገም፤ ዝም ብለህ ምታ፣ የሚሰቀል እንፈልግለታለን» አለችው። ሁለተኛውን መታ፤ ሦስተኛውንም መታ። በመዶሻው ድምፅ መሃል ከጓሮ ሳል ይሰማ ነበር። መምታቱን አላቆመም።

*

በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ለቅሶ ደራሽ ሳይመጣ፣ ሚስቱ ጓሮ ስትወጣ ባልዲ ውስጥ ኖራ ሲበጠብጥ አገኘችው።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ፋርማሲስቱ ዛሬ ክፍሉን እንየው ይላል። አንድ እጅ ቀባ ላድርገው።»

«ደግሞ?» አለች። ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ጓሮ ከገቡ ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ እትዬ መምህርን ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ ስትደርብ፣ ሐኪም ቤት ስትወስድ፣ ስትመልስ የነበረችው እሷ ናት። «እሳቸው ያውቁ ነበር እኮ።»

«ምኑን?»

«እርጥብ መሆኑን። በገቡ በሁለተኛው ቀን ‹ግድግዳው እንደ እንቁራሪት ሆድ ይቀዘቅዛል› አሉኝ። ‹ታዲያ ሳሎን ይተኙ› ብላቸው እምቢ አሉ።»

«እኮ ለምን?»

ሚስቱ ኖራውን እያየች ተናገረች። «‹ልጁን አውቀዋለሁ› አሉኝ። ‹አራተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ሥር ነበር የሚቀመጠው። አንድ ቀን እኔ አይደለሁም ሲለኝ አላመንኩትም። ማን እንዳደረገው ኋላ ሳጣራ ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቷል። ቤታቸው ብሄድ ለቀዋል። አሁን ደርቋል ካለኝ ደርቋል። ሁለተኛ ውሸታም አላደርገውም።›»

ለሳኙ የሚበጠብጥበት እንጨት እጁ ላይ ቀረ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አትንገሪው አሉኛ። ‹ራሱ ሲመጣ ነው የምነግረው› አሉ። አንተ ደግሞ ቁርሳቸውን እንኳ በእኔ ነው የምትልክላቸው።» ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «ቤቱን እፈልገዋለሁ። አሥረኛ ኪራይ ቤት ለመግባት ጉልበቱ የለኝም። ብቻ እንዳትቀባው።»

ይህን ብላ ሻይ ልታፈላ ገባች። ለሳኙ ባልዲው ውስጥ የሚረጋውን ኖራ ሲያይ ቆየ። ሰው ሲበድልህ ቂም ትይዛለህ፤ ቂሙ ይሞቅሃል፣ ያኖርሃል። በሕይወቱ ቃሉን ሳይጠራጠሩ የተቀበሉት አንድ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም የተቀበሉት በዋሸበት ቀን ነው። ለዚህ የሚሆን ቂም ከየት ይመጣል?

*

ከሰዓት ሳሎኑ ሞላ። ካርቶኖቹ ሁሉ ሰው ተቀምጦባቸዋል። ደላላው የስምምነቱን ወረቀት በጉያው ይዞ ለሳኙ አጠገብ ተለጥፏል። ሚስቱ ፔርሙስ ይዛ በሰዉ መሃል ቡና ትቀዳለች፤ ሲኒው አይበቃም፣ ቤተኛ ቤተኛው በብርጭቆ ይጠጣል።

ፋርማሲስቱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ነገ ጠዋት እሄዳለሁ» አለ። «ላደረጋችሁት ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ነገር በሰው ፊት ልጠይቅ፤ ከኋላ ‹እንዲህ አለ፣ እንዲያ አለ› እንዳይሆን። ሰፈሩ ብዙ ያወራል፤ ሰማሁት። የሐኪሙም ወረቀት ‹የሳንባ ምች› ይላል።»

ወደ ለሳኙ ዞረ።

«አክስቴ ስልክ ስትደውልልኝ ስለዚህ ሰው ‹ልጄ ነው፣ የተናገረውን እመኚው› ብላኝ ነበር። ‹እመነው› ማለቷ ነው፤ ሲደክማት አነጋገሯ ይዘበራረቅ ነበር።» ፈገግ ለማለት ሞክሮ አልሆነለትም። «ስለዚህ ክፍሉን አልከፍትም፣ ግድግዳም አልዳብስም። እሱ የሚለኝን እቀበላለሁ። ክፍሉ ደርቆ ነበር?»

«ለሳኝ አይደል እንዴ» አለ ደላላው በጥድፊያ፣ «የተመሰከረለት፣ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው...»

«እሱን ነው የጠየቅሁት።»

ለሳኙ ቆመ። «ደርቆ ነበር» ማለት ሁለት ቃል ነው። ሁለት ቃል፣ አንድ ፊርማ፤ ከዚያ ምስማሮቹ የእሱ ናቸው፣ ጣሪያው የእሱ ነው፣ ሚስቱ ሁለተኛ ሻንጣ አታስርም። ደላላው ከሥር ሱሪውን ይጎትታል። ሚስቱ ፔርሙሱን እንደያዘች በሰዉ አናት ላይ አሻግራ ታየዋለች፤ ፊቷ ላይ «በለው» የሚልም «አትበል» የሚልም የለም።

አፉን ከፈተ። 

ከመናገሩ በፊት ቀኝ እጁ ሳያዘው ተነሣ። ክርኑ ታጠፈ፣ አራቱ ጣቶች ተኮማተሩ፣ አመልካች ጣቱ ብቻ፣ ሲሚንቶ የበላው፣ ጥፍሩ የተሰነጠቀ፣ ከሰዉ ራስ በላይ ቀጥ ብሎ ወጣ። ከወዲያ ጥግ አንዲት ልጅ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል አፏን በነጠላዋ ያዘች። ዳቦ ጋጋሪዋ «ምን ሆነ?» አሉ ቀስ ብለው።

«አልደረቀም ነበር» አለ ለሳኙ። «ደርቋል ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

ደላላው ሱሪውን ለቀቀው። ፋርማሲስቱ ራሱን ደፋ።  ለሳኙ ተናግሮም ከጨረሰ በኋላ ጣቱን አላወረደም፤ «ቁጭ በል» እስኪባል እንደሚጠብቅ ተማሪ ካርቶኖቹ መሃል ቆሞ ቀረ።