የሻምፒዮኗ አፍንጫ

ወንድም ጋሼ ውሻዋን በእኔ ስም ያስመዘገባት ለእኔ አስቦ አይደለም። የዘር ውሻ ማኅበሩ ለአንድ ሰው ከአራት ውሻ በላይ አይመዘግብም፤ የእሱ አራት ሞልቶ ነበር። ፈርሚ ብቻ፣ ሌላው የእኔ ጣጣ ነው አለኝ። ፈረምኩ። መዝገቡ ላይ ስሟ ከነቅድመ አያቶቿ ግማሽ ገጽ ይሞላል፤ ቤት ውስጥ ግን ቡቺ ናት።

የገዛ ቅድመ አያታችንን ስም ብትጠይቁት ይደናገራል። የቡቺን ዘር ግን በቃሉ ይዘረዝርላችኋል፤ በእናቷም በአባቷም በኩል ያው አንዱ አያት ተመልሶ ይመጣል። ለምን ስለው "ደሙ እንዲጠራ ነዋ" አለኝ። ቀፈፈኝ።

ደሙ ሲጠራ ይኸውና፣ ፊቷ በር የተዘጋበት ይመስላል። የአፍንጫዋ ቀዳዳዎች በጥፍር የተጫሩ ሁለት ጭረቶች ናቸው። አፏን ከፍታ፣ ቁጭ እንዳለች ታንጎላጃለች፤ ጋደም ካለች ታፍና ትባንናለች። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ እሷ ግን የምትጮህበት ትንፋሽ አልነበራትም። የእንስሳት ሐኪሙ አፍንጫዋ በቀዶ ጥገና ካልሰፋ አንድ ቀን ሙቀት ይገድላታል ብሎ ነበር። በማኅበሩ ደንብ ደግሞ ቢላ የነካው ውሻ ከመዝገብ ይሰረዛል። ወንድም ጋሼ መጀመሪያ ሻምፒዮን ትሁን አለ።

የውሾች ቁንጅና ውድድሩ ቀን አዳራሹ በእርጥብ ጸጉርና በሽቶ ታፍኗል። ጸጉር ቤት ስላለኝ ማበጠሩ የእኔ ሥራ ነው። ከፊቷ እጥፋት ውስጥ በጥጥ ያወጣሁት ቆሻሻ ሽታው አሁንም ከእጄ የለቀቀ አይመስለኝም። ዳኛዋ ጓንት አጥልቀው አፍንጫዋን ጫን አደረጉና እንዲህ ያለ ውበት አላየሁም አሉ። ቡቺ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ስትል ተመልካቹ "ታወራለች እኮ!" እያለ ሳቀ። ያን ሁሉ የለበሰና የተማረ ሰው ተጸየፍኩት።

አሸነፈች። ሪባኑን አንገቷ ላይ አስረው ለፎቶ ፀሐይ ላይ አወጧት። ምላሷ ሰማያዊ ሆነ፤ እግሯ ታጠፈ። ፎቶ አንሺው አገጯ ቀና ይበል ሲል ወንድም ጋሼ በሁለት ጣቱ ቀና አደረገላት። ፈገግታው አልተነቃነቀም።

"ወንድም ጋሼ፣ እየሞተች ነው" አልኩት።

"አንዴ ብቻ፣ ዝም በይ" አለኝ በጥርሱ መሃል።

ሪባኑን በጥሼ፣ ታቅፌያት ሮጥኩ። ያው ሐኪም ለውድድሩ ተረኛ ሆኖ በጎን ካለው ክፍል ተቀምጦ ነበር። ውሃ አፈሰሰባት፣ ኦክስጅን ሰጣት፤ ዓይኗን ገለጠች። ወንድም ጋሼ ከዳኛዋ ጋር ተከትሎን ገባ። ሐኪሙ አፍንጫዋን ዛሬውኑ ልክፈተው፣ የባለቤት ፈቃድ ብቻ ነው የምፈልገው አለ። ወንድም ጋሼ ቢያንስ አንዴ ትውለድ፣ ቡችሎቿን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ ብሎ ለመነ። ከሷ አፍንጫ ሌላ የታፈነ አፍንጫ ሊያስወልድ!

"ባለቤቷ ማነው?" አለ ሐኪሙ።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ወንድም ጋሼ አፉን ከፈተ። ዳኛዋ አጠገቡ ቆመዋል፤ የእኔ ናት ቢል ማጭበርበሩ ይወጣና አራቱም ይሰረዙበታል። አፉን መልሶ ዘጋ።

"እንደምትሰረዝ ያውቃሉ?" አሉኝ ዳኛዋ።

"ይሰርዟት" አልኳቸው።

አሁን እኔው ጋ ናት፤ ጸጉር ማጠቢያው ሥር ትተኛለች። ስፌቱ ከደረቀ በኋላ ወንድም ጋሼ መጣ። ቡቺ በጎኗ ጋደም ብላ፣ አፏን ዘግታ ተኝታለች። ጎንበስ ብሎ አፍንጫዋን አየና "ምን የመሰለ ፊቷን አበላሸሽው" ብሎ እንባ አወጣ። አባታችንን ስንቀብር እንኳ እንዲህ አላለቀሰም።

ድምፁ ቀሰቀሳት። ቀና ብላ አየችውና ጮኸችበት፤ ስትጮህ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው።