ሰባቱ መስሚያዎች

የወላጆች ቀን ቅዳሜ ነበር። ዓርብ ሙሉ ቀን መብራት ስላልነበረ መስማት የሚቸግራቸው የሰባቱም ተማሪዎቼ የጆሮ መስሚያ ባትሪው ባዶውን አደረ። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት እስከ አምስት ሰዓት መብራት ይኖራል ተብለን ስለነበር በጠዋት ቢሮ ገብቼ የመስሚያዎቹን መሙያ ሳጥኖች አንድ በአንድ ማከፋፈያው ላይ ሰካሁ።

ማከፋፈያው ሰባት የዩኤስቢ ቀዳዳ አለው። አንዱ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኘዋል፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ግን ግድግዳው ሶኬት ላይ ከሚሰካው አዳፕተሩ ነው። ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሰባቱም ሳጥኖች አረንጓዴ አበሩ። እኔም ወንበር ልደረድር ወጣሁ።

ግን አላስቻለኝም። በየአሥር ደቂቃው እየተመለስኩ በመስኮት አያለሁ።

«ቾልዌ፣ ስታዪው ቶሎ ይሞላል እንዴ?» አለኝ ሃዱንካ፣ ሽማግሌው ጸሐፊያችን።

«የንቺሙንያ አባት ዛሬ ይመጣል። ካያት ሁለት ዓመቱ ነው።»

«ታዲያ እሱ ይጨነቅ እንጂ አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

ከሰባቱ አንዷ ንቺሙንያ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባቷ ሲያሙትዋ መዳብ የጫነ መኪና ይዞ አዳሪ ትምህርት ቤታችን ካለበት ከቾማ ከተማ ርቆ ነው የሚውለው። የዚያን ቀን ዩኒፎርሟን ሁለት ጊዜ ተኩሳ ከማለዳ ጀምሮ በር ላይ ቆማለች።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ስገባ ሶኬቱ ላይ የሻይ ውኃ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ተሰክቷል። አዳፕተሩ መሬት ላይ ወድቋል። ሳጥኖቹ አሁንም አረንጓዴ ናቸው፤ ላፕቶፑ የሚሰጣቸውን ጭላንጭል ኃይል ለሰባት ተካፍለው ነው።

«እኔ እኮ ስነቅለው አንዱም አልጠፋም» አለ ሃዱንካ ደንግጦ። «ለእንግዶቹ ሻይ ላፈላ ብዬ ነው።»

እኔም ያንኑ አረንጓዴ እያየሁ ስመላለስ ነው ያረፈድኩት። አዳፕተሩን መልሼ ሰካሁ። የቀረው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ስድስቱን ነቅዬ የንቺሙንያን ብቻ ልተው እጄን ዘረጋሁ። የስድስቱም እናቶች በር ላይ ናቸው። እጄን ሰበሰብኩ። አምስት ሰዓት ሲሆን መብራቱ ሄደ።

ሲያሙትዋ የመጣው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ የሌሎቹ መስሚያ አንድ በአንድ አልቆ ነበር። ንቺሙንያ ግን የራሷን ከሳጥኑ ሳታወጣ ቆይታ አባቷ በበሩ ሲገባ ነው ያደረገችው። ግቢው ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እኔ አጠገባቸው ሻይ እያደልኩ ነው። ስለ መንገዱ ሲያወራላት እየሳቀች ትመልስለታለች። ከዚያ አቀርቅሮ ጫማውን እያየ መናገር ጀመረ። ኪትዌ ከተማ ሌላ ሚስት አግብቷል፤ ሦስት ልጆቿን ይዛ ቤቱ ገብታለች። ለነሐሴ ዕረፍት ንቺሙንያ ወደ ቤት አትመለስም፤ ሞንዜ ከተማ አክስቷ ጋ ትሄዳለች።

እጇ ወደ ጆሮዋ ሄደ። መስሚያዋን ነካ አድርጋ እጇን አወረደች። ከዚያ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች፤ ደግማ ነቀነቀች።

እሱ ፊቱን እየጠረገ ወደ እኔ መጣ። «ትልቅ ሰው ሆናለች፣ መምህር። ምንም አልከፋትም።»

«አልሰማችዎትም» አልኩት።

«እንዴ! ራሷን እየነቀነቀችልኝ?»

«መስሚያዋ አልቆ ነው። ይሄድብኛል ብላ ፈርታ ነው የነቀነቀችው።»

ወደ ዛፉ ዞሮ አያት። «እርስዎ ይንገሯት። በእጅ ቋንቋ ይችላሉ አይደል?»

«እችላለሁ። ግን ይሄ ከእኔ የሚሰማ አይደለም።»

መኪናው መንገድ ላይ ቆሟል፤ ረዳቱ እየደጋገመ ይደውላል። ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ ከቦርሳው ፓወር ባንክ አወጣ። «ይሄ ይሆናል?»

መስሚያዋን ተቀብዬ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩና የእሷን ሳጥን ብቻ ሰካንበት። መቀመጥ አልቻለም። ይነሳል፣ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ይቀመጣል። «አሁንስ?» «ገና ነው።» ስልኩ ሲጮህ አጠፋው። ንቺሙንያ ከዛፉ ሥር ሆና አባቷ ለምን እንዳልሄደ ሳይገባት፣ ግን ደስ ብሏት ታየናለች።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ መስሚያዋን ይዞላት ሄዶ ፊት ለፊቷ ተንበረከከ። ያን ጊዜ እኔ ራቅሁ፤ ምን እንዳላት አልሰማሁም። እሷ ጀርባዋን ስትሰጠው ነው ያየሁት። እሱ ግን አልተነሳም። ብዙ ቆይታ ዞረችና ትከሻውን በቡጢ መታችው፤ ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችው።

ማታ እራት ላይ ምን እንደጠየቀችው ነገረችኝ። «የእናቴን የልብስ ሳጥን ሴትዮዋ ሳትከፍተው አክስቴ ጋ አምጣልኝ አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«አለቀሰ። ቲቸር፣ ሲያለቅስ ድምፁ አስቀያሚ ነው።»

ነሐሴ ላይ ሳጥኑን መኪናው ላይ ጭኖ እዚህ ድረስ መጣ፤ ሞንዜ ራሱ ወሰዳት። ከበሩ ሲወጡ የሳጥኑን ቁልፍ በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ነበር። እጇን አላወዛወዘችልኝም፤ አባቷ እያወራላት ስለነበር አፉን ነበር የምታየው።