የተሸሸገው እምቢታ

የሰው ልጅ በሰው ልጅ ላይ የሚፈጽመው በደል ሁሉ ከጥላቻና ከቂም የሚመነጭ ቢሆን ኖሮ፥ ተበዳይ በዳዩን ከሩቅ ለይቶ ባወቀውና በተጠነቀቀው ነበር። ነገር ግን፥ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ የደግነትን ካባ ደርቦ፥ የርኅራኄን ቃል እየተናገረ፥ በለሰለሰ እጅ ትከሻን እየደባበሰ ወደ ሰው ቤት የሚገባ ሌላ በደል አለ፤ ይህንንም በደል ባለቤቶቹ ተነሥተው ይቀበሉታል፥ መከዳ ያቀርቡለታል፥ ሲሄድም አመስግነው ይሸኙታል። ክፉ ወሬን ከባለጉዳዩ መሰወርን እንደ ጽድቅ የሚቆጥር፥ የታመመ ሰው እውነትን አይችልም ብሎ ታማሚውን ሳይጠይቅ የሚፈርድ፥ የቤተ ዘመድን ስም ከቤተ ዘመድ ነፍስ አብልጦ የሚጠብቅ በደል ይህ ነው። ከዚህ በታች የሚተረከው ነገር በማን ላይ እንደ ደረሰና እነማን እንዳደረሱት ሳይሸፋፈን ይነገራል፤ መሸፋፈን እስከ ዛሬ ያደረሰው ጥፋት ይበቃልና።

በደሴ ከተማ፥ ጉም ከማይለየው ከጦሳ ተራራ ግርጌ፥ ልሳነወርቅ የተባለ የጂኦግራፊ መምህር ነበረ፤ ቁመቱ የረዘመ፥ አንደበቱ የተባ፥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የወንዞችን መነሻና መድረሻ ሲያስተምር የኖረ፥ ሳቂታና ተጫዋች ሰው ነው። በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራቸውን አቆሙና በየሳምንቱ ሦስት ቀን ደሙን ከሚያጥበው መሣሪያ ጋር በቱቦ እየታሰረ ይውል ጀመር። ሚስቱ ወይዘሮ አስካለ፥ የዚያው ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፥ ሥራዋን ትታ አስታማሚው፥ ምግብ መጣኙ፥ ውሃ ለኪው ሆነች። በቀን ከሦስት ብርጭቆ የሚበልጥ ውሃ ተከልክሎ ነበርና እርስዋ ሦስቱን ብርጭቆ በሲኒ ከፋፍላ ከጠዋት እስከ ማታ ታዳርስለት ነበር። «ወይዘሮ አስካለ፥» ይላታል እንደ ልማዱ እየቀለደ፥ «ዐባይን ከጣና አስነሥቼ ካርቱም ሳደርስ የኖርኩ ሰውዬ፥ አሁን አንዲት ሲኒ ውሃ ከማድቤት እስከ አልጋዬ ማድረስ ይቃተኝ?» «ግድቡ በእኔ እጅ ነው፤ ከፈለግህ ሚኒስትሩ ዘንድ ክሰሰኝ፤» ትለዋለች። «ሚኒስትሩም አንቺ፥ ዳኛውም አንቺ! ለማን አቤት ልበል ታዲያ?» ይላል፤ ሁለቱም ይስቃሉ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ከንፈሩ እንደ ደረቀ ያድራል።

ሐኪሞቹም ከዚህ እስራት ሊፈታው የሚችለው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ብቻ መሆኑን፥ ለጋሹም የሥጋ ዘመድ ወይም የትዳር ጓደኛ መሆን እንደሚገባው ገለጹላቸው። አስካለ ከሁሉ ቀድማ ክንድዋን ዘረጋች፤ ነገር ግን የደምዋ ዓይነት ከእርሱ ደም ጋር የማይስማማ ሆኖ ተገኘ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ትራስ የተጋሩ ሰዎች ደም እንዴት ባዕድ ይሆናል ብላ ከላቦራቶሪው ደጅ ተቀምጣ አለቀሰች። ስለዚህም በነሐሴ ማብቂያ ዘመድ አዝማድ በዳኛ ገሰሰ ቤት ተሰበሰበ። እኒህ ሰው የልሳነወርቅ አባት ታናሽ ወንድም፥ ሠላሳ ዓመት በዳኝነት ወንበር ተቀምጠው በክብር ጡረታ የወጡ፥ ቤተ ዘመዱ ያለ እርሳቸው ምክር ሠርግም ሐዘንም የማይቈርጥ፥ የተፈሩና የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩ እንደ ተነገረ፥ በኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ የሆነው የልሳነወርቅ ታናሽ ወንድም ዳምጤ ከመካከል ብድግ አለና ደረቱን እየመታ፥ «አንድ ማኅፀን ነው የተሸከመን! ለሰው ኩላሊት ሁለት የተሰጠው አንዱ የወንድም ስለሆነ ነው፤ ይኸው!» አለ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ወንዶቹ ተባረክ አሉት፤ ዳኛውም ግንባሩን ሳሙት። በሳምንቱ ደሙ ተመርምሮ ተስማማ፤ ለቀረው ምርመራና ለቀዶ ሕክምናው ወደ አዲስ አበባ እንዲሄዱም ለጥቅምት ቀጠሮ ተያዘ።

ጥቅምት ደረሰ፤ ዳምጤ ግን ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ አላገኘም ተባለ። ኅዳር ደረሰ፤ ጉንፋን ይዞታል ተባለ። የገና ጾም ገባ፤ ጾሙ ይፈታ፥ ሰውነቱ ይጠንክር ተባለ። ይህን ሁሉ መልእክት ተሸክመው የሚመጡት ዳኛ ገሰሰ ሲሆኑ፥ አስካለ በስልክ ስትደውል የማያነሣላትን ዳምጤን በአካል ሄዳ ልታናግረው በተነሣች ቁጥር፥ «ለጋሽ አይጨቀጨቅም፥ ልጄ፤ ብትገፊው ይሸሻል፤ ነገሩን እኔ ይዤዋለሁ፤» እያሉ ይመልሷት ነበር። በእነዚያ ወራት ቤቱ ጠያቂ አላጣም፤ ዘመዶቹ ሁሉ በየእሑዱ ሙዝና ብርቱካን በዘንቢል ሞልተው እየመጡ፥ እነዚህ ፍሬዎች ኩላሊት ለከዳው ሰው ልብን የሚያውክ መርዝ መሆናቸው አሥር ጊዜ ተነግሯቸው እያለ፥ «እስቲ አንዲት እንኳን ቅመስ፥ ለእኔ ስትል» እያሉ ይለምኑት ነበር። ልሳነወርቅም እንግዶቹ በሄዱ ቁጥር ወደ ሚስቱ ዞሮ፥ «ዳምጤ ደወለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እርስዋም፥ ታሪኩ ማንንም አይምርምና እርስዋንም አይምርም፥ ሳይደወልላት፥ «ደውሏል፥ ሰላም ብሎሃል፤» ትለው ነበር።

በጥር መጀመሪያ የዳምጤ የመጀመሪያ ልጅ የሠርግ ጥሪ ወረቀት መጣ። አስካለ ወረቀቱን ገልጣ ቀኑን ብታየው፥ ለሦስተኛ ጊዜ ተራዝሞ ከተሰጣቸው የአዲስ አበባ ቀጠሮ ጋር አንድ ቀን ነው። በማግስቱ ለማንም ሳትነግር ጠመዝማዛውን መንገድ ወርዳ ኮምቦልቻ ገባች፤ መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን እርግማን በልብዋ ስታሰናዳ፥ ስትስልና ስታሳምር ነበር። ዳምጤ ከግቢው መካከል የዳሱን ምሰሶ ሲያስተክል አገኘችው፤ ሲያያት ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«እታለም! ምነው ሳትነግሪን?»

«የሠርግህ ቀንና የሐኪሙ ቀን አንድ ሆነብኝ፤ የት እንደምትውል ልጠይቅህ ብዬ ነው።»

«የቱ ሐኪም?»

«አታሹፍብኝ፥ ዳምጤ!»

«አላሾፍኩም፤ ማርያምን! እኔ እኮ ፈርቻለሁ ብያለሁ። በመስቀል ማግስት ለጋሼ ገሰሰ ቁርጡን ነግሬያቸዋለሁ። ያን ቀን እልልታው አሰከረኝ፥ እታለም፤ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን መርፌ እንኳ ሲወጉኝ የምወድቅ ሰው ነኝ። ልጆቼን አሰብኩ። እንግዲህ ናቁኝ፥ ሌላ ሰው ፈልጉ አልኳቸው። እርሳቸው ደግሞ፥ ለአስካለ እኛ እንነግራታለን፥ አንተ ስልክም አታንሣ፥ ዝም በል አሉኝ። አልነገሩሽም?»

ከዳሱ ሥር አንድ ሰው፥ «ዳምጤ፥ ኧረ ሸራው አጠረ፥ ና እንጂ!» እያለ ይጣራል። አስካለ ፈሪውን ልትረግም መጥታ፥ ከዘመዶቹ ሁሉ መካከል እውነቱን በጊዜው የተናገረ እርሱ ብቻ ሆኖ አገኘችው፤ የተሳለው እርግማንም ከአፍዋ ሳይወጣ ወደ ሌላ ደጅ ዞረ።

ዳኛ ገሰሰን በሳሎናቸው፥ ነጭ ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ ጋዜጣ ሲያነቡ አገኘቻቸው፤ ተቀመጪ ቢሏትም አልተቀመጠችም።

«ዳምጤ እምቢ ማለቱን ያወቁት መቼ ነው፥ ጋሼ?»

«ማን ነገረሽ?»

«እርሱው ራሱ።»

«ይኼ ልጅ! ዝም በል ብዬው!» አሉና ጋዜጣውን አጠፉት። «ስሚኝ፥ ልጄ። የታመመ ሰው በተስፋ ነው የሚያድር። ወንድምህ ከድቶሃል ብንለው በዚያው ሳምንት ይሞትብን ነበር። ዳምጤም ይለዝብ እንደሆን ብለን ነው እኔና ሦስት የቤተ ዘመድ ሽማግሎች፥ አራት ሆነን የመከርነው። የእርሱም ስም አለ፥ የልጁም ሠርግ አለ። ለእናንተው ብለን ነው።»

«በመካከሉ ልስጥ ብሎ የመጣ ሌላ ዘመድ አልነበረም?»

ሽማግሌው መስኮት መስኮቱን አዩ። «ትርንጎ መጥታ ነበር፥ በኅዳር ሚካኤል፤ የአክስቱ ልጅ፥ የሐይቅ ከተማዋ። ያላገባች ያልወለደች ልጅ፥ ነገ ማን ይወስዳታል ብለን . . . ለጋሽ ተገኝቷል አልናት።»

«በእርስዎ ችሎት፥ ጋሼ፥ ባለጉዳዩ ሳይጠራ ይፈረድ ነበር?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ልሳነወርቅ ሳይጠራ ተፈርዶበታል ማለቴ ነው፤» አለችና እጅ ሳትነሣ ወጣች፤ በዚያ ቤት እንዲህ ሆኖ የወጣ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ወደ ቤትዋ በሚወስደው ዳገት ላይ ግን ያው አሮጌ ልማድ ከኋላዋ ተከትሎ በጆሮዋ ይነግራት ጀመር፤ ዛሬ አትንገሪው፥ ነገ የእጥበቱ ቀን ነው፥ ልቡ ይደክማል፥ መጀመሪያ ትርንጎን አግኚ ይላት ነበር። ዳኛው የተናገሩትን ቃል በገዛ ልብዋ ውስጥ ስትሰማው ደነገጠች፤ ደጁንም ገፍታ ገብታ፥ ነጠላዋን ሳታወርድ፥ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ልሳነወርቅ ከተጋደመበት ተነሥቶ ተቀመጠ። ከዚያም፥ «በዳምጤ አልፈርድም፤» አለ፥ «ቢላዋ ያስፈራል፤ እኔም ፈርቼዋለሁ። ነገር ግን አራት ወር ሙሉ፥ አስካለ፥ ውሃ በሌለበት ሸለቆ ዳር አስቀምጠው ወንዝ ይመጣል አሉኝ። ሃምሳ ሊሞላኝ ነው እኮ! ሕፃን ነኝ?» ድምፁ ከፍ ብሎ መስኮቱን አለፈ፤ በሕመሙ ዘመን ሁሉ እንዲህ ተቈጥቶ አይታው አታውቅም፤ በቁጣውም መካከል የጥንቱን ባልዋን አገኘችውና ደስ አላት። «ሂጂና ትርንጎን ጠይቂያት። እሺ ካለች ትምጣ። እምቢ ካለች ግን እምቢታዋን በዚያው ቀን አምጪልኝ።»

ትርንጎ በሐይቅ ከተማ ከመንገድ ዳር ባለች ሱቅ ልብስ ሰፊ ነበረች። አስካለ ነገሩን ስትጨርስ የስፌት መኪናዋን አቁማ ትክ ብላ አየቻት። «እኔ እኮ ተገኝቷል ሲሉኝ፥ እትዬ፥ ስእለቴ ደረሰ ብዬ ጧፍ አብርቻለሁ! አመስግኜ መጥቻለሁ!» አለች። ደግሞም የሰማችው ሁሉ ቆይቶ ገባትና፥ «ስለ ትዳሬ ማን ጠየቃቸው? ኩላሊቴን ቆጥሮ የሚያገባኝ ከሆነ በአፍንጫዬ ይውጣ!» አለች። ከዚያም «ቆይ፥ ይቺን ክፈፍ ልጨርስ፥ የሰው ልብስ ነው፤» ብላ ስፌቱን ጨረሰች፤ ሱቅዋንም ቆልፋ ተከተለቻት።

የትርንጎ ደም ተስማማ፤ በየካቲትም ሦስት ሆነው አዲስ አበባ ገቡ፤ ምርመራው ሁሉ ለእርስዋ መልካም ሆነ። ለልሳነወርቅ ግን መልካም አልሆነም። ሐኪሙ፥ ገና ወጣት የሆነ ትሑት ሰው፥ የልቡን ምስል ይዞ አስካለን ለብቻዋ ሊያናግራት ጠራት፤ እርስዋ ግን፥ «እርሱ ባለበት ንገሩን፤» አለች። ሐኪሙም በፊቱ ተቀምጦ፥ ልቡ በእነዚህ ወራት ውስጥ ሰፍቶ እንደ ደከመ፥ ማደንዘዣውን እንደማይችለው፥ በጥቅምት መጥቶ ቢሆን ኖሮ ግን ቀዶ ሕክምናውን ያለ ሥጋት ያደርጉለት እንደ ነበር ነገረው። ልሳነወርቅ አመሰገነው፤ እውነቱን ፊት ለፊት የነገረው ሁለተኛ ሰው እርሱ ነውና። በመጋቢት ሁለተኛ ሳምንት፥ ቀትር ሲሆን፥ አንዱ እጁ በአስካለ፥ ሌላው በትርንጎ እጅ እንዳለ፥ ያ ወንዞችን በጣቱ ከአፍ እስከ ምንጭ ሲከተል የኖረ ሰው ዐረፈ።

በደሴ ድንኳን ተጣለ፤ በቁሙ ሳለ ሙዝ ይዞ ይመጣ የነበረው ሁሉ ጥቁር ለብሶ መጣ። ዳምጤ ከአንድ ጥግ ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ ያለቅስ ነበር፤ ማንም ስለ እርሱ ክፉ አልተናገረም፤ ስሙ ተጠብቆለታል። በሦስተኛው ቀን ዳኛ ገሰሰ ሕዝቡን ለማጽናናት ተነሡና፥ ቤተ ዘመዱ ልጁን ለማዳን ያላደረገው ነገር እንደሌለ፥ የፈጣሪ ፈቃድ ግን ከሰው ጥረት በላይ እንደ ሆነ በለመዱት ርቱዕ ቃል ይናገሩ ጀመር። አስካለ ከተቀመጠችበት ምንጣፍ ተነሣች።

«ጋሼ ገሰሰ፥ ይቀመጡ። የፈጣሪን ስም በእናንተ ሥራ አያስገቡ።»

«አስቀምጧት እንጂ! ሐዘን ነው፤ ራሷን አታውቅም፤» አለች አንዲት ሴት።

«ዛሬ እንደማውቀው አውቄ አላውቅም፤» አለች አስካለ። «ባሌ በመጋቢት አልሞተም። የሞተው በመስቀል ማግስት ነው፤ እናንተ አራታችሁ መርዶውን አራት ወር አቆያችሁት። እኔ ስድስት ወር ሙሉ የሞተ ሰው ሳስታምም፥ ለሞተ ሰው ውሃ ስለካ ከረምኩ፤ ልታነሣው የምትችለውም ልጅ ከደጃችሁ ተመለሰች።»

 ዳኛው አፋቸውን ከፈቱ፤ ሠላሳ ዓመት በሌላው ላይ ሲፈርዱ ቃል ያላነሳቸው ሰው አንድ ቃል አጡና ተቀመጡ፤ ወደ እርሳቸውም ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። ትርንጎ ብቻ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ መጥታ ከአስካለ ጎን ቆመች፤ ሁለቱም እስኪመሽ አልተቀመጡም። በሽተኛን እውነት አይገድለውም፤ የሚገድለው፥ ሌላው ሁሉ እውነቱን አውቆ እርሱ ብቻ ሲጠብቅ የሚያልፈው ጊዜ ነው።