ወለሉን ያስገባ

በዚያ ቤት በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። አባቱም፣ ታናሽ ወንድሙም፣ ሚስቱ እንኳ ሳትቀር «ገመዴ» ነበር የሚሉት። ስሙ የወጣለት በልጅነቱ ነው። አባት የምትነፋዋን የጎማ ጀልባ ሐይቁ ላይ ሲያወጡ ታናሽየውን ከፊት አስቀምጠው ይቀዝፋሉ፤ እሱን ዳር አቁመው «አንተ ገመዱን ያዝ» ይሉታል። ያዘ። ታናሽየው ተማረ፣ ምላሱ ቅቤ ሆነ፣ ሰውም «ጮሌው» አለው። ገመዴ ትምህርቱን ሳይገፋ እንጨት ሥራ ገባ። ነገሩን ሆድ ይፍጀው አለ፤ ሆዱ ግን ያዘው እንጂ አልፈጀውም።

አሁን አባት አርጅተው ከበረንዳ ወንበራቸው አይነሡም። ጀልባዋም ሐይቁ ዳር ካለው ግቢያቸው ውስጥ ተጋድማ፣ የጣውላ ወለሏ እንደ ራሰ ዳቦ ይቆረሳል። አንድ ቀን ሁለቱን ልጆቻቸውን ጠሩና፣

«ወለሉን ያስገባ ጀልባዋን ይውሰድ» አሉ። «ካልሆነ ለጎረቤት ሰጥቼ እገላገላለሁ።»

«እኔ ከእንጨት ጋር ምን አለኝ፤ ገመዴ ይሞክራት» አለ ጮሌው እየሳቀ።

ገመዴ ጆሮውን አላመነም። ዕድሜ ልኩን ዳር ቆሞ ያያት ጀልባ የሱ ልትሆን ነው!

የበሰበሰውን ወለል ነቅሎ ቤቱ ወሰደ። አዲስ ኮምፔንሳቶ ላይ አስተኝቶ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመረና ሁለት ጣውላ አድርጎ ቆረጠ። ጎማውን እንዳይበሳ ጠርዙን በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፤ ጉንጩን እያስነካ እስኪለሰልስለት ድረስ። ውሃ እንዳይጠጣ ቫርኒሽ ቀባው፤ ሲደርቅ ደግሞ ቀባው። የተሰነጠቁትን መቅዘፊያዎችም ማንም ሳያዘው አምጥቶ አጣበቀ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

«የኔ ቁም ሳጥን በሩ ከወለቀ ስንት ዘመኑ! ለሳቸው ጀልባ ሲሆን ትሟሟታለህ።»

«ዝም በይ። የሳቸው አይደለችም፣ የኔ ናት።»

«እሳቸው ለአንተ ምን ሰጥተው ያውቃሉ?»

ብሩሹን ቫርኒሽ ውስጥ ነከረ።

ቫርኒሹ ሲደርቅ ጣውላዎቹንና የመሣሪያ ከረጢቱን ተሸክሞ ወደ አባቱ ግቢ ሄደ፤ መቅዘፊያዎቹ ሙጫቸው ገና ስላልደረቀ ቤት ቀሩ። የዚህ ወለል ጣጣው መግባቱ ላይ ነው። የሁለቱ ጣውላዎች ዳርና ዳር ከጎማው ሥር ይሰካና መጋጠሚያቸው እንደ ጎጆ ጣሪያ ቀና ብሎ ይቀራል። ያኔ አንድ ከባድ ሰው ወጥቶ ሲረግጠው ይተኛል። ገመዴ ደግሞ እንደ ስሙ ቀጭን ነው። ወጣበት። ዘለለበት። አየር ቀነሰ፣ ሳሙና ቀባ፣ እንደገና ዘለለ። ጣሪያው ንቅንቅ አላለም። ድንጋይ ቢጭንበት ይገባ ነበር፤ ግን ያ መስተዋት የመሰለ ቫርኒሽ ይጫርብኛል ብሎ ሳሳለት።

«ምን እንደ ፍየል ትዘላለህ?» አሉ አባት ከበረንዳው።

ጮሌው ቦርጩን እያስቀደመ ወረደ። «ልርገጥልህ?»

«አንተን ምን አገባህ?»

«እኔን ምንም፤ ቦርጬን ነው እንጂ።»

ገመዴ ጥርሱን ነክሶ «ርገጥ» አለ። ውለታ እንዳይሆንበት ፊቱን አዞረ።

ጮሌው ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወጣበት። ጧ! ወለሉ ልጥፍ ብሎ ተኛ። ከበረንዳው ጭብጨባ መጣ።

«ጎሽ የኔ ልጅ! አስገባኸው!»

ገመዴ ዞረ። «ማን ነው ያስገባው?»

«ዓይኔ አየ እኮ! አንተ ስትዘል ዋልክ፣ እሱ አንዴ ረግጦ አስተኛው። ወለሉን ያስገባ ነው ያልኩት።»

«የቆረጥኩት እኔ! ያሸሁት እኔ! የቀባሁት እኔ!»

«እሱማ ሙያህ ነው። በል ንፋትና ውሃ ላይ ልያት።»

«ምን ላድርግ ወንድሜ» አለ ጮሌው ትከሻውን እየሰበቀ፣ «የአባባ ቃል ነው።»

ገመዴ ነፋት። ገፍቶም ውሃ ላይ አወጣት። ጮሌው እንደ ልጅነቱ ከፊት ተቀመጠ።

«ገመዱን ያዝ። መቅዘፊያውስ?»

«እኔ ቤት።»

«እና አምጣዋ! ምን ትገተራለህ?»

ገመዴ እጁ ላይ ያለውን ገመድ አየው። ከዚያ ለቀቀው።

ነፋሱ ከየብስ ወደ ውሃ ነበር። ጀልባዋ እንደ ቅጠል እየዞረች ተንሳፈፈች። ከወንበራቸው የማይነሡት አባት ተነሡ።

«አንተ! ልጄን! ያዝልኝ!»

«ያስገባው ያውጣው» አለ ገመዴ።

«ጋሼ!» አለ ጮሌው ከውሃው ላይ። በዚያ ቤት ገመዴን ጋሼ ያለው ሰው ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። «ጋሼ፣ በእናትህ!»

ውሃው ከወገብ አያልፍም፤ ነፋሱም ማዶ ሸንበቆ ውስጥ ነው የሚጥለው። ጭቃ ያቦካል እንጂ አይሞትም። ከዳር ሆኖ ሲያይ የኖረ ሰው ይህን ያውቃል። ገመዴ ግን አልነገራቸውም። ሞረዱን ከረጢቱ ውስጥ ከተተና አንዴ ብቻ ዞሮ አየ። ጮሌው ተነሥቶ እጁን እያወናጨፈ ይዘላል። ያ ሁሉ ቦርጭ ሲጨፍርበት ወለሉ ንቅንቅ አላለም።

ቤቱ ገብቶ መቅዘፊያዎቹን አነሣ። ሙጫቸው ደርቋል። እግሩን ጭኖ በመጋዝ ቆራረጣቸው፣ ለቁም ሳጥኑ በር ማቀፊያ እንዲሆኑ።

«ጀልባዋስ?» አለች ሚስቱ።

«ነይ በሩን ደግፊልኝ» አላት።