የስድስት ዓመት አራስ

ሾፌሯ ሥርጉት የባሱን በር ከፍታ ቀና ስትል ቶሚንና ፅዮንን አየቻቸው። የትምህርት ቤት ቦርሳቸውን እንዳዘሉ፣ ነጠላ የለበሱ አንዲት አሮጊትን ግራና ቀኝ እጃቸውን ይዘው እየጎተቱ ወደ ባሱ ያስገባሉ።

"ሥሩ!" ብላ ፅዮን ባሱን በጩኸት አናጋችው። "ሥሩ ኢዝ ሂር!"

"በስመ አብ!" አለች ሥርጉት በሆዷ። አሮጊቷን በአካል አይታቸው አታውቅም፤ ማን እንደሆኑ ለማወቅ ግን ጠንቋይ መቀለብ አላስፈለጋትም። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ፣ የልጆቹ አባት የዘርይሁን እናት፣ የነዚህ መንትዮች አያት ናቸው። ከደብረ ብርሃን ባሕር ተሻግረው ከመጡ ሦስት ሳምንታቸው ነው። በነዚህ ሦስት ሳምንታት ሥርጉት ልጆቹ ቤት ድርሽ አላለችም። ድርሽ እንዳትል ተለምና ነው።

የለመነቻት የልጆቹ እናትና የራሷ የልብ ጓደኛ መቅደስ ናት። "አደራሽን፣ እማማ እስኪመለሱ ብቻ። ልጆቹ አንቺን ካዩ አፋቸው አያርፍም" ብላ በስልክ አልቅሳባታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። መቅደስ ታማ ማኅፀኗ በኦፕራሲዮን ከወጣ በኋላ አርግዛ መውለድ አይሆንላትም ነበር። ሥርጉት ደግሞ አንድ ልጇን ያለ ጣጣ የወለደች፣ ጤናዋ የተሟላ ሴት ናት። አንድ ቅዳሜ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ቁርስ እየበሉ፣ "የኔ ሆድ ሥራ ፈት ተቀምጦ የለ? እናንተ ዘሩን አምጡ፣ ማደሪያውን እኔ እችላለሁ" አለቻት። መቅደስ ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ የመቅደስና የዘርይሁን መንትዮች ከሥርጉት ሆድ ወጡ።

የሐኪም ቤቷ አማካሪ "ለልጆቹ ከሕፃንነታቸው ጀምራችሁ እውነቱን ንገሯቸው" ስላለች ነገሯቸው። ለደብረ ብርሃኗ አያትስ? ማን ደፍሮ! መቅደስ ቀሚሷ ውስጥ ትራስ ሸጉጣ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ፎቶ ተነስታ ላከችላቸው። እንግዲህ ልጆቹ እውነቱን፣ አያቲቱ ትራሱን ይዘው ስድስት ዓመት ኖሩ። ሁለቱ ወገኖች አንድ ቀን አንድ ጣራ ሥር እንደሚገናኙ፣ የተማሩ ናቸው ከሚባሉት ከባልና ሚስቱ አንዳቸውም አላሰቡበትም።

ሥርጉት እሺ ማለቱ አልከበዳትም ነበር። የከበዳት እሑድ ሲመጣ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ልጆቹን ሃይ ፓርክ መናፈሻ ወስዳ ስታቦርቃቸው የኖረች ሴት፣ ሦስት እሑድ ቤቷ ቁጭ ብላ ቴሌቪዥን ላይ አፈጠጠች። በዚያ ላይ ትናንት መቅደስ የላከችው መልእክት "እማማ እዚሁ ሳይቀሩ አይቀሩም፤ የመኖሪያ ወረቀት ልናስገባላቸው ነው" ይላል። እሳቸው ከቀሩ የሷ ነገር አበቃ ማለት ነው። ሌሊቱን ይህን ስታስብ አድራለች።

አሁን ደግሞ ሦስቱም ከጀርባዋ ተደርድረው ተቀመጡ።

"በእግር አምስት ደቂቃ ለሆነ ቤት ምን ባስ አስያዛችሁ?" አለች ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። ኤግሊንተን ጎዳና በባቡሩ ግንባታ ተቆፋፍሮ ባሱ ይዳክራል እንጂ አይሄድም።

"ያንቺን ባስ ጠበቅን" አለ ቶሚ። "ሦስት ባስ መጣ፣ ሌላ ሰው ነው የሚነዳው። ሦስቱንም ኖ አልን።"

"እውነቱን ነው" አሉ አያቲቱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። "የምናውቃት ሾፌር አለች ብለው በብርድ ገተሩኝ እኮ! ለካስ የአገሬ ልጅ ነሽ። ኧረ ጎሽ! ይህን የሚያህል መኪና አንቺ ነሽ የምትነጂው? እነዚህንስ ከየት አወቅሻቸው ልጄ?"

ሥርጉት አፏን ሳትከፍት ፅዮን ቀደመቻት።

"ከሆዷ!"

"ከምን?"

"ከሆዷ፣ አያቴ። የማሚ ሆድ ታሞ ነበር። ስለዚህ እኔና ቶሚ ሥሩ ሆድ ውስጥ አደግን። ቶሚ በጣም ይራገጥ ነበር።"

"አንቺ ነሽ የምትራገጪው!"

አጠገባቸው የተቀመጡ አንዲት የጃማይካ እናት ምንም ሳይገባቸው ለልጆቹ ፈገግ አሉላቸው። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ፊት ላይ ግን ፈገግታ የለም። መብራቱ ቀይ ሆነና ባሱ ቆመ። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

"እውነት ነው?" አሉ ቀስ ብለው።

"ልጆች አይደሉ፣ ይቀባጥራሉ" የሚለው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን መንትዮቹም በዚያው መስታወት አፍጥጠው ያዩዋታል። ፅዮን ማረጋገጫዋን እየጠበቀች ራሷን ትነቀንቃለች። ይህችን ልጅ ቀባጣሪ ብሎ መካድ እንዴት ይቻላል?

"እውነት ነው እማማ" አለች።

በሚቀጥለው ፌርማታ አሮጊቷ ደህና ዋይ እንኳ ሳይሉ ልጆቹን ይዘው ወረዱ። ሥርጉት የቀረውን ሰዓት እንዴት እንደነዳች እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ።

ተራዋን እንደጨረሰች መቅደስ ደወለች። "ጉድ ሠራሽኝ!"

"እኔ? ልጆችሽን ጠይቂ!"

"እማማ ኩሽና ገብተው በሩን ዘግተዋል። ዘርይሁንን አላናገሩትም፣ እኔን አላዩኝም። 'ጥሯት' ብቻ ነው ያሉት። ድስት ሲንኳኳ ይሰማኛል፤ ኧረ ቶሎ ነይ፣ ፈርቻለሁ!"

ሥርጉት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ሄደች። ዘርይሁን በሩን ከፍቶ፣ ቤቱ የራሱ ያልሆነ ይመስል ግድግዳ ተጠግቶ ቆመ። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ማማሰያ ይዘው ብቅ አሉ።

"ስንት ሰዓት አማጥሽ?"

"እ... አሥራ ሰባት ሰዓት እማማ።"

"ሁለቱንም በምጥ?"

"ሁለቱንም።"

"ወገብሽን ማን ያዘልሽ?"

"መቅደስ። ዓይኗን ሳትከድን ነው ያደረችው።"

"እሱንስ ደግ አደረገች። ከዚያስ? ማን አረሰሽ?"

በስድስት ዓመት ውስጥ ሰው ሥርጉትን ያልጠየቃት ነገር የለም፤ ስንት ተከፈለሽ፣ እንዴት አስቻለሽ፣ አይቆጭሽም ወይ። ማን አረሰሽ ያላት ግን የለም። በወለደች በሦስተኛው ቀን ወደ አፓርትመንቷ ተመለሰች። ጡቷ ወተት እያፈሰሰ ሸሚዟን ያበሰብሳል። ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጇ የቆርቆሮ ሾርባ አሞቀችላት። ጠያቂው ሁሉ ሕፃናቱ ያሉበት ቤት ነበር፤ ደግሞም እዚያ መሆኑ ልክ መስሏት ነበር።

"ማንም። ልጄ የቆርቆሮ ሾርባ አሞቀችልኝ" አለች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እንዲህ እንዳመማት ለራሷም ተናግራ አታውቅም።

አሮጊቷ ወደ ምራታቸው ዞሩ። "ያኔ ስድስት ኪሎ ለጋ ቅቤ ልኬ ነበር። ማን በላው?"

"እኔ" አለች መቅደስ ድምፅዋ ቀጥኖ። "እኔና... ዘርይሁን።"

"ዘርይሁንም ታረሰ!"

ዘርይሁን ወደ ቦርጩ አየ። መጀመሪያ የሳቀችው ሥርጉት ናት፣ እንባዋን ሳትጠርግ። ከዚያ መቅደስ ፈነዳች። አሮጊቷ ሊቆጡ ሞክረው አልሆነላቸውም።

"ያ የፎቶው ሆድ ትራስ ነበር ለካ! እሱን ነገ እንነጋገርበታለን፤ አልለቃችሁም" አሉ ማማሰያውን እየነቀነቁ። "ይቺ ግን ዛሬ ነው የምትታረሰው። ሁለት የልጅ ልጅ የተሸከመችልኝ ልጅ በቆርቆሮ! ኧረ እኔ በየት አገር ልደበቅ!"

መኝታ ቤት አልጋው በነጭ አንሶላ ተነጥፏል። ኮመዲኖው ላይ መሃሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ የሞላበት ገንፎ ይጨሳል። "ግቢና ጋደም በይ" አሏት።

"እማማ፣ ስድስት ዓመት ሆነኮ!"

"ታዲያ ቅቤው ምን ያውቃል?"

"ነገ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ እገባለሁ።"

"ሰማችሁ? አራሷ መኪና ልትነዳ!"

መቅደስ ከኋላዋ መጥታ አቀፈቻት። "ተኚላቸው በናትሽ" አለች ጆሮዋ ሥር። "እኔም በተራዬ ላጉርስሽ። ሁለተኛ አትምጪ አልልሽም።" መንትዮቹ አልጋው ላይ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሥሩ ሆድ ውስጥ በስተቀኝ የነበረው ማን እንደሆነ እየተነታረኩ፣ ለሷ መሃሉን ለቀውላታል።

ሥርጉት ስልኳን አወጣችና ወደ ባስ ጣቢያው ደወለች። ነገም ከነገ ወዲያም እንደማትገባ በእንግሊዝኛ ተናገረች።

"አሞሽ ነው?" አላት ተረኛው። "ምክንያቱን መጻፍ አለብኝ።"

"አላመመኝም" አለች። "ቤተሰብ ብለህ ጻፍ።"

የሥራ ጫማዋን አውልቃ መሃላቸው ገባች።